የጓሮ ዶሮ ዝርያና የእንቁላል ቅርፊት ቀለም፦ ለጎጃም አርቢዎች የቀረበ መመሪያ

በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ ወይም በመራዊ ገበያ እንቁላል ሊገዛ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት እንቁላል ጎን ለጎን ተቀምጦ ያገኛል። አንደኛው ከገጠር በጭድ ተደልድሎ በቅርጫት የመጣው፣ መጠኑ አነስ ብሎ መልኩ ከነጭ እስከ ፈዛዛ ክሬም የሚደርሰው የሐበሻ እንቁላል ነው፤ ሁለተኛው በካርቶን ትሪ የተደረደረው፣ ተለቅ ያለውና አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ የሆነው የፈረንጅ እንቁላል ነው። ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ዓይኑን የሚጥለው ቅርፊቱ ላይ ነው፤ ነጣ ካለ የሐበሻ፣ ከጠቆረ የፈረንጅ ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ አንዳንዴ ትክክል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፈጽሞ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም በጓሮዋ አምስትና ስድስት ዶሮ ይዛ የጨውና የሳሙና ወጪዋን በእንቁላል በምትሸፍነው እናት ኪስ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የቅርፊት ቀለም ከዝርያ ጋር በምን እንደሚገናኝ፣ ቄብ ሲገዙም ሆነ ጫጩት ሲያስፈለፍሉ ይህን እውቀት እንዴት እንደሚሠሩበት ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ጉዳዩን በቅጡ ለማወቅ የተነሣሁት ራሴ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ነጋዴ ስድስት ገብስማ ቄቦች «የሐበሻ ናቸው» ተብዬ ገዛሁ። ላባቸው ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ቃሉን ሳልመረምር ተቀበልኩ። ስድስት ወር ሳይሞላቸው መጣል ሲጀምሩ ከገለባው ውስጥ ያነሣሁት እንቁላል ግን ቡናማ ነበር፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። የገዛኋቸው ዶሮዎች ኮይኮክ የሚባሉት የውጭ ዝርያ ነበሩ። ቀረብ ብዬ ብመለከት ኖሮ ልዩነቱ ከላባው ላይ እንኳ ይታይ ነበር፤ በኮይኮክ ላባ ላይ ጥቁሩና ነጩ መስመር በመስፈሪያ የተለካ ይመስል እየተፈራረቀ ይደረደራል፣ የእኛ አገር ገብስማ ግን ቀለሙ የተደበላለቀና ሥርዓት የሌለው ነው። ዶሮዎቹ ጥሩ ዶሮዎች ነበሩ፤ ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ነገር ግን የፈለግሁት አቅፋ የምትፈለፍል የአገር ዶሮ ስለነበረ አንድ ዓመት ሙሉ ከዕቅዴ ወጣሁ።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ማንኛውም የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ሥራው ሲጀመር ነጭ ነው። አስኳሉ ከእንቁላል ማኅደር ወጥቶ እንቁላሉ እስኪጣል ድረስ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የሚያልፈው ቅርፊቱ በሚሠራበት የእንቁላል መተላለፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ቅርፊቱ 95 በመቶ ገደማ የሚሆነው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ የሆነው ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ በተፈጥሮው ነጭ ነው። ዶሮዋ በዘሯ ቀለም የምትጨምር ካልሆነች እንቁላሉ እንደ ነጣ ይወጣል። ቡናማ እንድትጥል የተፈጠረች ከሆነች ግን እንቁላሉ ሊጣል በቀሩት የመጨረሻ ሰዓታት ፕሮቶፖርፊሪን የሚባል ቀለም ትቀባዋለች። ይህ ቀለም ከደም ቅላት አፈጣጠር ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን የሚያርፈውም በቅርፊቱ የላይኛው ገጽና እሱን በሚሸፍነው ስስ ልባስ ላይ ነው።

ይህን በቤትዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። አንድ ቡናማ እንቁላል ወስደው በአቼቶ በነከሩት ጨርቅ አንዱን ጎን ቀስ እያደረጉ ይሹት። መጀመሪያ ጥቃቅን አረፋ ይታያል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨርቁ ቡናማ እየሆነ፣ የተሸው ቦታ ደግሞ እየነጣ ይሄዳል። ቀጥለው እንቁላሉን ይስበሩና የቅርፊቱን የውስጥ ገጽ ይመልከቱ፤ ከውጭ የቱንም ያህል ቢጠቁር ከውስጥ ነጭ ነው። ይህን ያየ ሰው ቡናማና ነጭ እንቁላል በውስጣቸው የተለያየ ምግብ ይዘዋል የሚለውን ወሬ ዳግመኛ አይቀበልም።

ሰማያዊ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎችም በዓለም ላይ አሉ። የታወቁት የቺሊዎቹ አራውካናዎች ሲሆኑ ቀለሙ ቢሊቨርዲን ከሚባል፣ ከሐሞት ጋር ከሚዛመድ ነገር የሚመጣ ነው፤ እንደ ቡናማው ላይ ላዩን የተቀባ ሳይሆን በቅርፊቱ ውስጥ ዘልቆ የገባ ስለሆነ የውስጡም ገጽ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴ የሚመስለው እንቁላል ደግሞ በሰማያዊው ላይ ቡናማ ሲታከልበት የሚገኝ ነው። እነዚህ ዝርያዎች በጎጃም ጓሮ የተለመዱ ስላልሆኑ በዚህ ልለፋቸው።

በአካባቢያችን የሚገኙ ዝርያዎችና የሚጥሉት ቀለም

የውጭ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ በብዛት መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን ከቀደምቶቹ መካከል ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ይገኙባቸዋል። ሌግሆርን ከጣሊያን የመጣች፣ አካሏ ቀለል ያለ፣ ድንጉጥና ነጭ እንቁላል የምትጥል ናት፤ «የፈረንጅ እንቁላል» ሲባል በቀድሞው ትውልድ አእምሮ የሚመጣው ትልቅ ነጭ እንቁላል የእሷ ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ ጠቆር ያለ ቀይ ላባ ያላት፣ ደልደል ያለች አሜሪካዊት ስትሆን እንቁላሏ ቡናማ ነው። ፋዮሚ ከግብፅ የመጣች፣ ትንሽ፣ ቀልጣፋና በሽታን ተቋቋሚ ስትሆን አነስ ያለና ከነጭ እስከ ክሬም የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ በመልክ ብቻ ከታየ እንቁላሏን ከሐበሻ እንቁላል መለየት ያስቸግራል።

ዛሬ በትሪ ተደርድሮ የምናየውን ቡናማ እንቁላል የሚሰጡት በአብዛኛው ቦቫንስ ብራውን፣ ሎህማን ብራውንና ኢሳ ብራውን የሚባሉት የእንቁላል ዶሮዎች ናቸው። እነዚህ እንደ አንድ ዝርያ በስም ቢጠሩም ድቅል ናቸው፤ ከተመረጡ የወላጅ መስመሮች በታቀደ መንገድ ተዳቅለው የሚገኙ ናቸው፤ መኖውና አያያዙ ከተሟላላቸው በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል ይጥላሉ። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ተብላ የተዘጋጀች ቀላ ያለች ዶሮ ስትሆን እንቁላሏ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። እኔን ያሳሳተችኝ ኮይኮክ በደቡብ አፍሪካ በፖቸፍስትሩም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከዥንጉርጉር ፕሊማውዝ ሮክ ተዳቅላ የተገኘች ናት። በውስጧ የነጭ ጣይዋ የሌግሆርን ደም እያለ እንቁላሏ ቡናማ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ቀለሙን የወሰነው አንዱ ወላጅ ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ በየትውልዱ የተደረገው ምርጫ ነው።

የእኛ የአገር ዶሮ ከእነዚህ ሁሉ የምትለየው ለአንድ ቀለም ተመርጣ ስለማታውቅ ነው። በአንድ ግቢ የሚያድሩ ቀይ፣ ገብስማ፣ ነጭ፣ ጥቁርና አንገተ መላጣ ዶሮዎች አንዷ ንጹሕ ነጭ፣ አንዷ ክሬም፣ ሌላዋ ደግሞ ፈዛዛ ቡናማ ልትጥል ትችላለች። ተመራማሪዎች የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን የአገር ዶሮዎች በየመገኛ ቦታቸው ለይተው ሲያጠኑ የቲሊሊን፣ የደብረ ኤልያስን፣ የጓንጓንና የሜጫን ዶሮዎች ራሳቸውን ችለው የተመለከቷቸው በመካከላቸው በቁመና፣ በክብደትና በምርት ልዩነት ስላለ ነው። የአገር ዶሮ እንቁላል ክብደቱ 40 ግራም ገደማ፣ የዓመት ምርቷም ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ ይህ ቁጥር ከቦቫንስ ጋር ሲተያይ ያነሰ ቢመስልም ይህቺው ዶሮ ምግቧን በአብዛኛው ጭራ የምታገኝ፣ ጫጩቶቿንም ራሷ አቅፋ ፈልፍላ የምታሳድግ መሆኗ አብሮ መቆጠር አለበት።

ቄብ ከመግዛትዎ በፊት ምን ይመልከቱ?

የላባ ቀለም የእንቁላልን ቀለም አይነግርዎትም። ነጭ ላባ ያላት ቡናማ ልትጥል፣ ጥቁር ላባ ያላት ነጭ ልትጥል ትችላለች። ለበዓል ቀይ አውራ ዶሮ የሚፈለግበት ልማድ ዓይናችንን ሁልጊዜ ወደ ላባው ስለሚወስደው ይህን ደጋግሞ መናገር አስፈላጊ ነው።

መመልከት የሚገባው የጆሮዋን ሥር ነው። ዶሮዋን ክንፎቿን ከአካሏ ጋር አጥብቀው በብብትዎ ሥር ይያዟት፤ ራሷን በሌላው እጅዎ ቀስ አድርገው ወደ ጎን ያዙሩና ከዓይኗ ወደ ኋላ፣ ከጆሮዋ ቀዳዳ በታች ያለችውን ላባ የሌላት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ለስላሳ ቆዳ ይፈልጉ። ይህች ቆዳ ነጭ ከሆነች ዶሮዋ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ እንቁላል የመጣል ዕድሏ ከፍተኛ ነው፤ ቀይ ከሆነች ደግሞ ቡናማ ወይም ቡናማ ያለበት እንቁላል መጠበቅ ይቻላል። በሌግሆርን ላይ ነጭነቷ ከሩቅ ይታያል፤ በሮድ አይላንድና በቦቫንስ ላይ ግን ከአገጯ ሥር ከተንጠለጠለው ቀይ ሥጋ ጋር አንድ ዓይነት ቅላት አላት። በአገር ዶሮ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው በቀይ ላይ ነጭ የተረጨበት ድብልቅ ነው፤ እንዲህ ያለችዋን ዶሮ ስትጥል ሳያዩ በእርግጠኝነት «እንዲህ ናት» ማለት አይቻልም።

ይህ ምልክት በዘር የሚሄድ አጋጣሚ እንጂ ሕግ አይደለም። የጆሮ ሥር ቀለም በራሱ ቅርፊቱን አይቀባም፤ ሁለቱ ባሕርያት በብዙ ዝርያዎች ውስጥ አብረው ስለተመረጡ አብረው ይታያሉ እንጂ ተለያይተው የሚገኙባቸው ዝርያዎችም አሉ። የእንግሊዟ ዶርኪንግ ቀይ የጆሮ ሥር ይዛ ነጭ እንቁላል ትጥላለች፤ የስፔኗ ፔኔዴሴንካ በተቃራኒው ነጭ የጆሮ ሥር ይዛ እጅግ የጠቆረ ቡናማ ትጥላለች። በተጨማሪም ገና ለመጣል ያልደረሰች ቄብ የጆሮዋ ሥር የገረጣ ስለሚሆን ከአራት ወር በታች ባለች ዶሮ ላይ ፍርድ መስጠት ያሳስታል። የታመመች ዶሮም ትገረጣለች። ስለዚህ ምርመራውን በቀን ብርሃን፣ ጤናማ በሆነች ዶሮ ላይ ያድርጉት፤ ምሽት ላይ ቆጥ ላይ ሳለች በባትሪ ብርሃን የታየ ቀለም አይታመንም።

ከጆሮ ሥር የሚበልጠው ማስረጃ የእናቷ እንቁላል ነው። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ሲገዙ እናቲቱን ያሳዩኝ ብለው ከመጠየቅ አይፈሩ፤ የእናቲቱን እንቁላል ካዩ በኋላ ደግሞ አውራው ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ምክንያቱን ቀጥዬ እገልጻለሁ።

የአውራ ዶሮ ድርሻ

አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም፤ ነገር ግን የቅርፊትን ቀለም የሚወስነውን ዘር ከእናቱና ከአባቱ ወርሶ ለሴት ልጆቹ ያስተላልፋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ዛሬ ዶሮዋ የምትጥለው እንቁላል ቀለም በእሷ ዘር ብቻ የሚወሰን ነው፤ የቦቫንስ አውራ ቢሰርራት እንኳ ነጭ ጣይዋ ዶሮ ነጭ መጣሏን ትቀጥላለች። ከዚያ እንቁላል የምትፈለፈለው ሴት ጫጩት አድጋ የምትጥለው እንቁላል ግን የአባቷንም ድርሻ የያዘ ይሆናል። ቡናማ ቀለም በአንድ ዘረ መል ብቻ ሳይሆን በብዙዎች ጥምረት የሚወሰን ስለሆነ ነጭ ጣይና ቡናማ ጣይ ሲዳቀሉ ልጆቻቸው አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ያለ ክሬም ወይም ፈዛዛ ቡናማ ይጥላሉ።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ የአገር ዶሮን ለማሻሻል ተብሎ የውጭ ዝርያ አውራዎች ለገበሬው ይከፋፈሉ ነበር። በመንደር ውስጥ ደግሞ አውራ ዶሮ አጥር አያውቅም፤ የአንዱ ቤት አውራ የሦስት አራት ቤት ዶሮዎችን ይሰርራል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ላባዋ፣ ቁመናዋና ጠባይዋ ሁሉ የሐበሻ ሆኖ ሳለ እንቁላሏ ወደ ቡናማ የሚያደላ ዶሮ ብትገኝ ሊያስገርም አይገባም፤ ከቅድመ አያቶቿ መካከል አንዱ ሮድ አይላንድ ሊሆን ይችላል። ይህ ነገር በግሌ ያሳስበኛል። የቲሊሊን ወይም የደብረ ኤልያስን ዶሮ ለዘመናት ከደጋው ብርድና ከበሽታው ጋር ያላመዳት ደም ማንም ሳያስተውለው እየሳሳ መሄድ የለበትም፤ ለማስተዋል ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ለአርቢው ቅርብ ከሆኑት ምልክቶች አንዱ ነው።

የአገር ዶሮን ዘር ጠብቆ ማቆየት የሚፈልግ አርቢ እንዲህ ያድርግ። በመጀመሪያ ከዶሮዎቹ መካከል በደንብ የሚያቅፉትን፣ ጫጩት የሚያሳድጉትንና እንቁላላቸው የሚፈልገው ቀለም የሆነውን ሁለት ሦስት ይምረጥ። ቀጥሎ አውራውን ከእነዚህ መካከል ከአንዷ ዘር ሳይሆን ከሌላ ቤት፣ እናቱ ተመሳሳይ እንቁላል ከምትጥል ዶሮ ያምጣ፤ ወንድምና እህትን ማዳቀል ጫጩቶቹን ያደክማቸዋል። ከዚያም የተመረጡትን ዶሮዎች ከሌሎች አውራዎች ለይቶ ይያዝ። ዶሮ የአውራን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ማቆየት ስለምትችል ከተለየች በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የተጣለ እንቁላል ለማስፈልፈል ባይያዝ ይመረጣል። ለመንደር አርቢ ከባድ የሚሆነው ይህ የመጠበቅ ጊዜ ነው፤ ጠዋትና ማታ በአጥር ውስጥ መመገብን ይጠይቃልና።

ከቦቫንስ ወይም ከሎህማን ዘር ለማስፈልፈል የሚያስብ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። እነዚህ ድቅሎች የራሳቸውን መልክና ምርት ለልጆቻቸው እንደነበረ አያወርሱም፤ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች በላባም፣ በእንቁላል ብዛትም፣ በቅርፊት ጥቁረትም የተበታተኑ ይሆናሉ። የማቀፍ ጠባይም በምርጫ ከውስጣቸው ስለወጣ እንቁላላቸውን የምታቅፍላቸው የአገር ዶሮ ያስፈልጋል።

የትኛዋ ዶሮ የትኛውን እንቁላል ጣለች?

ብዙ ዶሮ ያለው ሰው ቀለምን ለመምረጥ መጀመሪያ ጣይዋን መለየት አለበት። የአንዲት ዶሮ እንቁላል ቀለምና ቅርጽ ከቀን ወደ ቀን እምብዛም ስለማይለዋወጥ አንዴ ከታወቀ በኋላ ዓይን ይለምደዋል። እናቴ ጠዋት ዶሮዎቹን ከመልቀቋ በፊት አንድ በአንድ ይዛ ከጅራታቸው ሥር በጣቷ ትዳብሳቸው ነበር፤ እንቁላል የተሸከመችውን ለይታ በሰፊ ቅርጫት ሥር ገለባ አንጥፋ ትከድናታለች፣ ከጣለች በኋላ ትለቃታለች። እንቁላሉን አንሥታም «የገብስማዋ ነው» ብላ በከሰል ምልክት ታደርግበት ነበር። ይህ አሠራር ዛሬም የሚበልጠው የለም፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ቢደገም የግቢው ዶሮ ሁሉ ይታወቃል። ውጤቱን በደብተር መዝግቦ መያዝ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አውራ ሲመረጥ ይጠቅማል።

የከሰሉ ምልክት በማቀፍ ጊዜም ሌላ ጥቅም አለው። ለአንዲት የአገር ዶሮ እንደ አካሏ ስፋት ከ10 እስከ 13 እንቁላል ሲሰጣት ሁሉንም ምልክት ካደረጉባቸው፣ ሌላ ዶሮ ገብታ የጨመረችው አዲስ እንቁላል ወዲያው ይታወቃል። በሰባተኛው ቀን ገደማ ማታ ላይ በሞባይል ባትሪ ብርሃን እንቁላሎቹን ሲያዩ በነጭና በክሬም ቅርፊት ውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው በግልጽ ይታያሉ፤ በቡናማው ውስጥ ግን ብርሃኑ ስለሚደክም ክፍሉን ይበልጥ ማጨለም፣ ምናልባትም እስከ አሥረኛው ቀን መታገሥ ያስፈልጋል። ጥርት ብሎ ባዶ ሆኖ የሚታየው ዘር ያልያዘ ስለሆነ ይውጣ። ጫጩቶቹ በ21ኛው ቀን ይፈለፈላሉ።

ቀለሙ በድንገት ቢለወጥ

ዝርያ የቀለሙን ዓይነት ይወስናል፤ የቀለሙ ድምቀት ግን እንደ ዶሮዋ ሁኔታ ከፍና ዝቅ ይላል። ነጭ ጣይ ዶሮ በመኖ ለውጥ ቡናማ ጣይ አትሆንም፤ ቡናማ ጣይዋ ግን ልትገረጣ ትችላለች። ዋነኛው ምክንያት ዕድሜ ነው፤ ዶሮዋ እየቆየች ስትሄድ እንቁላሏ ይተልቃል፣ የምትቀባው ቀለም መጠን ግን ብዙም ስለማይጨምር በሰፊው ቅርፊት ላይ ይሳሳል። ላባዋን አራግፋ ካረፈች በኋላ እንደገና ስትጀምር ቀለሙ ለጊዜው ይመለሳል። ይህ የሚያሳስብ አይደለም።

ድንጋጤም ቀለም ያገረጣል። ሌሊት ሸለምጥማጥ ወደ ቆጡ የገባ እንደሆነ፣ ወይም ቀን ጭልፊት አሯሯጧቸው ከሆነ፣ በማግስቱ የሚጣለው እንቁላል ነጭ ዱቄት የተነፋበት ሊመስል ይችላል፤ ዶሮዋ ፈርታ እንቁላሉን ከጊዜው በላይ ስላቆየችው ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ተጨማሪ የኖራ ሽፋን ያርፍበታል። እንዲህ ያለ እንቁላል አንድ ሁለት ቀን ታይቶ ከጠፋ የቤቱን በርና ቀዳዳዎች መመርመር ይበቃል።

በብዙ ዶሮዎች ላይ በአንድ ጊዜ የመጣ መገርጣት፣ በተለይም ቅርፊቱ ከሳሳ፣ ከተጨማደደ ወይም ልጥ ሆኖ ከተጣለ፣ የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፈንግል ከሞት የተረፉትን ዶሮዎች እንኳ እንዲህ ያደርጋቸዋል። ክረምት ሊገባ ሲል በየመንደሩ የሚነሣውን ፈንግል የምናውቀው ስለሆነ ክትባቱን ከዚያ ቀደም ብሎ ማስከተብ፣ ምልክቱ ከታየ ደግሞ ዶሮዎቹን ወደ ገበያ ከመውሰድ ይልቅ የእንስሳት ጤና ባለሙያን መጥራት ያስፈልጋል። የታመመች ዶሮ ተሸጣ በሽታውን ወደ ሌላ መንደር የምታደርስበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

የቅርፊት መሳሳት ብቻውን ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የካልሲየም ማነስ ነው። ቦቫንስን የመሰለች ብዙ ጣይ ዶሮ በየቀኑ ለቅርፊት የምታወጣውን ካልሲየም ከበቆሎና ከፉርሽካ ብቻ ልታገኘው አትችልም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከመኖ ጋር መቀላቀል የታወቀው መፍትሔ ነው፤ በጓሮ ላለ ጥቂት ዶሮ ደግሞ የቤቱን የእንቁላል ቅርፊት በምጣድ አድርቆና በደንብ ሰልቆ መስጠት ይቻላል። ቅርፊቱ እንደተሰበረ ሳይሰለቅ ከተሰጠ ግን ዶሮዎቹ የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ።

ቀለም የማይነግረን ነገር

የቅርፊት ቀለም የምግብ ይዘትን፣ ጣዕምንም ሆነ የቅርፊትን ጥንካሬ አይናገርም። ገዢው የሐበሻን እንቁላል የሚወደው አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ስለሆነ ነው፤ ይህ ድምቀት ግን ዶሮዋ ከጓሮ ከምትለቅመው ሣርና ቅጠል የሚመጣ እንጂ ከዝርያዋ ወይም ከቅርፊቷ የሚመጣ አይደለም። በቡሬና በሜጫ በብዛት የሚመረተው በቆሎ ነጭ ስለሆነ በእሱ ብቻ የተቀለበች ዶሮ፣ የአገርም ትሁን የውጭ፣ አስኳሏ ይገረጣል። ቦቫንስ የያዘ አርቢ ለዶሮዎቹ ጎመን፣ ለጋ ሣር ወይም አልፋልፋ ቢሰጣቸው በሳምንታት ውስጥ አስኳሉ ሲደምቅ ያያል፤ ቅርፊቱ ግን ያው ቡናማ ሆኖ ይቀጥላል።

ለዶሮ ወጥ የሚቀቀል እንቁላል አልላጥ ብሎ ሲያስቸግርም ብዙዎች ቡናማውን ይወቅሳሉ። ምክንያቱ ትኩስነቱ ነው፤ የዕለቱ እንቁላል ቅርፊቱ ከነጩ ጋር ይጣበቃል፣ ሳምንት የቆየው ግን በቀላሉ ይላጣል። ስለዚህ ለበዓል የሚሆነውን እንቁላል ቀደም ብሎ ገዝቶ ማስቀመጥ ይበጃል።

ለገበያ ሲያዘጋጁ እንቁላሎቹን በቀለምና በመጠን ለይተው ያቅርቡ፤ ገዢው ሲጠይቅም የዶሮዋን ዘር እንዳለ ይንገሩት። የቆሸሸውን እንቁላል በውኃ አይጠቡት፣ በአመድ ወይም በአሸዋም አይሹት። ከላይ እንደተገለጸው ቡናማው ቀለም ያለው በላይኛው ገጽ ላይ ስለሆነ ሲፈተግ ይገፈፋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀርም ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከለው ስስ ልባስ አብሮ ይሄዳል። በደረቅና ሻካራ ጨርቅ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ ቀስ አድርገው ይጥረጉት፤ ከዚያም የሾለውን ጫፍ ወደ ታች አድርገው፣ ፀሐይና የምድጃ ሙቀት በማይደርስበት ቦታ፣ ጭድ ውስጥ ወይም እንደ ልማዳችን ጤፍ ውስጥ ያስቀምጡት።